በእጅ የሚሠራ ቢላ ላሠራ ነው፤ ለክትፎና ለሽንኩርት የሚሆነው የትኛው ነው?

ሚጥሚጣ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች።

እዚህ አካባቢ ብቻውን የሚሠራ አንድ የቢላ ቀጥቃጭ አለ። ሥራውን አይቼለታለሁ፣ ደስ ይላል። ወረፋው ስድስት ወር ገደማ ነው። ለአንድ ትልቅ የወጥ ቤት ቢላ 420 ዶላር ነው ያለኝ።

ለሁለት ነገር ነው የምፈልገው። አንደኛው ክትፎ ነው። በማሽን የተፈጨ ሥጋ ለክትፎ አንጠቀምም። ቀዩን ሥጋ ጅማቱን አጥርቼ በቢላ ነው የምከትፈው፤ ለመስቀል ሲሆን ደግሞ ብዙ ነው። ሁለተኛው የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው። የፋብሪካ ቢላዬ ገና ግማሹ ላይ ሲደርስ ይደነዝዛል። ከዚያ በኋላ መክተፍ ቀርቶ መጨፍለቅ ይሆናል፤ እንባውም የሚብሰው ያኔ ነው።

ሰውዬው የሚሞላ ቅጽ ልኮልኛል። የብረት ዓይነት፣ ርዝመት፣ የጀርባ ውፍረት፣ የእጀታ እንጨት ምናምን ይላል። "ደማስቆ" የሚባለው ባለ ሞገድ ብረት ከሆነ 200 ዶላር ይጨምራል። ምን ልምረጥ? እሱንስ ምን ልጠይቀው?

ባሌስትራ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሥራዬ ብረት ቅጥቀጣ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ "ብረቱ ምንድን ነው?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ያው አንድ ብረት አንዱ ባለሙያ እጅ ላይ ስለቱን ወራት ይይዛል፣ ሌላው ጋ በሳምንቱ ይታጠፋል። ልዩነቱን የሚያመጣው እሳቱ ነው። እኛ የምንሠራበትን የመኪና ባሌስትራ ውሰጂ። አብዛኛው 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ማግኔት መያዝ እስኪተው ይግላል፤ ያ 770 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ከዘይቱ ሲወጣ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን ደረቅ ነው፤ መሬት ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በ200 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት ይቆያል። ይሄኛው ነው ድርቀቱን የሚያለዝበው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄኛውን ነው።

ስለዚህ ሰውዬውን እንዲህ ጠይቂው፦ በስንት ዲግሪ ታጠነክረዋለህ? ስንት ጊዜ ታለዝበዋለህ? ሙቀቱን የምትቆጣጠረው በምንድን ነው? ጥንካሬውን ትለካለህ? በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ስንት ይወጣል? ሥራውን የሚወድ ሰው ይሄን ስትጠይቂው ደስ ይለዋል፣ ከሚገባው በላይ ያወራሻል። "የሙያ ምስጢር ነው" ካለሽ ገንዘብሽን ያዢ።

ለክትፎ ቢላው ሰሌዳ ላይ ሲወርድ ነው የሚውለው። በሮክዌል ከ59 እስከ 61 ይበቃሻል። ከ63 በላይ የሚሠሩት የጃፓን ቢላዎች ስለታቸው የሚገርም ነው፣ ግን ጠመም ካደረግሻቸው ጠርዛቸው ይሸረፋል። 52100 የሚባለውን ብረት ካለው ያሠራልሽ። ኩሽኔታ የሚሠራበት ብረት ነው፤ 1 በመቶ ካርቦን፣ 1.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ስለት ይይዛል፣ ቶሎም አይሸረፍም። ግን ይዝጋል። እወቂው።

ቀጥታ_ተናጋሪ (ዳላስ)

እኔ አልስማማም። 420 ዶላር ለቢላ? 50 ዶላር የፋብሪካ ቢላ፣ 40 ዶላር ጥሩ መሳያ ድንጋይ ግዢ። በቀሪው ዶሮና ቅቤ ግዢበት። የሚደነዝዘው ስለማይሳል ነው። የ420ውም ካልተሳለ ይደነዝዛል። ከመግዛትሽ በፊት መሳል ተማሪ።

ከኮሎኝ

ቀጥታ፣ ስለ መሳሉ ልክ ብለሃል። መሳል የማይችል ሰው የትኛውንም ውድ ቢላ ባይገዛ እኔም እመርጣለሁ። ግን ነገሩ ስለት ብቻ አይደለም።

እኔ ከሶሊንገን ከተማ ብዙም አልርቅም። እዚህ ጀርመን ቢላ ሲባል ሶሊንገን ነው። ስሙ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ እዚያ ያልተሠራ ቢላ ላይ "ሶሊንገን" ብሎ መጻፍ አይቻልም። ሮበርት ኸርደር የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1872 የተመሠረተው ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ካርቦን ብረት በእጅ እየሞረደ ይሸጣል። የእነሱን ትንሽ ቢላ ይዘህ ሽንኩርት ስትቆርጥ ነው ነገሩ የሚገባህ። ብረቱ ከስለቱ በላይ በጣም ስስ ነው። ሽንኩርቱ ውስጥ ሲገባ አይሰነጥቀውም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። አብዛኛው የፋብሪካ ቢላ ግን ጠርዙ ቢሳልም ከጠርዙ በላይ ወፍራም ነው፤ ሽንኩርቱን እየገፋ ይፈነቅለዋል። የዚያ ችግር በመሳል ብቻ አይፈታም፣ ብረቱ ራሱ መሳሳት አለበት።

ሚጥሚጣ፣ ቅጹ ላይ "ከስለቱ በላይ ያለው ውፍረት" የሚል ቦታ ከሌለ ራስሽ ጨምሪበት። ለሽንኩርት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ደስ ይላል። ጀርባው እጀታው አጠገብ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሂድ። ለክትፎ ደግሞ ስለቱ ትንሽ ሆድ ይኑረው፤ ጫፉን ሰሌዳው ላይ አስደግፈሽ ከፍ ዝቅ ስታደርጊው እንዲሄድልሽ። ቀጥ ያለ ከሆነ እጅ ያደክማል።

ሚጥሚጣ

እግዜር ይስጥልኝ። ቀጥታ፣ መሳሉን እማራለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን ቢላው ይቅር አትበለኝ። ዕድሜ ልክ የምይዘው ዕቃ ነው፤ ማን እንደሠራው ማወቅ፣ ሲበላሽ ወደ ሠራው ሰው መመለስ መቻል ለእኔ ዋጋ አለው።

ደማስቆውስ? እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

ሊማ (አትላንታ)

ስለ ደማስቆው እኔ ልመልስ።

ዛሬ ደማስቆ የሚባለው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ በእሳት የተበየደ ነው። ብዙ ጊዜ 1084 እና 15ኤን20 ናቸው። ሁለተኛው 2 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ቢላው ካለቀ በኋላ አሲድ ውስጥ ሲነከር አንዱ ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሞገዱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ ከሞት ያስነሣው ቢል ሞራን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው ለሕዝብ ያሳየው። ከጥንቱ የደማስቆ ጎራዴ ብረት ጋር ግን አንድ አይደለም፤ ያኛው በሸክላ ጽዋ ውስጥ ቀልጦ የሚሠራ ሌላ ብረት ነበር።

በቁም ነገር፣ ሞገዱ ቢላውን የበለጠ ስለታም አያደርገውም። ውበቱን ወደሽው ከሆነ ግዢው፣ ምንም ነውር የለውም፤ የሰው ላብ ያለበት ሥራ ነው። ለስለት ብለሽ ከሆነ ግን 200 ዶላሩን መሳያ ድንጋይ ላይ አውይው።

ሌላው ሁሉም ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር፦ ኢንተርኔት ላይ አምስት ቢላ በ60 ዶላር "ደማስቆ" እየተባለ ይሸጣል። ብዙው ላይ ሞገዱ ከላይ በሌዘር የታተመ ነው። በስስ ብርጭቆ ወረቀት አንድ ጥግ ብትፈትጊው ይጠፋል፣ አሲድ ብትቀቢውም አይመለስም። እውነተኛው ሲፈተግ ቢጠፋም አሲድ ሲነካው ይመለሳል፣ ምክንያቱም ንድፉ እስከ ውስጥ ድረስ ነው። ከምን ብረት እንደተሠራ ሻጩ መናገር ካልቻለ ተዪው።

ስለ ባለሙያው ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ የአሜሪካ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አባል ብቻ ሳይሆን ፈተናቸውን ያለፈ መሆኑን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ ነው፣ መሥራቹም ይኸው ሞራን ነው። ፈተናቸው ቀልድ የለውም። ራሱ በሠራው ቢላ የተንጠለጠለ የአንድ ኢንች ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። ከዚያ የግንባታ ጣውላ ሁለት ጊዜ ይቆርጣል። ከዚያ በዚያው ስለት የክንዱን ፀጉር ይላጫል። በመጨረሻ ቢላው በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፣ መሰበር የለበትም። አባል ያልሆኑ በጣም ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህን ያለፈ ሰው ግን እሳቱን ያውቃል ማለት ነው።

መስፍና_መዶሻ (አሽዶድ)

ይህን ክር ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ፣ ነፍሱን ይማር። ጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ ይሠራ ነበር። የሥራ ቤቱን ጨለም አድርጎ ነበር የሚይዘው። ልጅ ሆኜ ለምን መስኮቱን አይከፍተውም እል ነበር። የብረቱን ቀለም ለማየት ነው። ቴርሞሜትር የለም፣ ማግኔት የለም። ወናፉን እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ፍሙን ሳይሆን ብረቱን ያያል። የደረሰ በርበሬ ሲመስል በጉጠት ያወጣውና ይነክረዋል። ከዚያ አንዱን ጎን በድንጋይ አሸት አድርጎ ያነጣውና እንደገና ወደ ፍሙ ያስጠጋዋል። የነጣው ቦታ ላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ቀለም ሲሮጥ ይታያል። ያኔ ያቆመዋል። ባሌስትራ "በ200 ዲግሪ አካባቢ" ያልከው እሱ ነው፣ ወንድሜ። አባቴ ቁጥሩን አያውቀውም ነበር፣ ቀለሙን ግን አንድም ቀን አልሳተውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 እስራኤል ስንገባ መስፉም መዶሻውም እዚያው ቀረ። እዚህ ማንም ማረሻ የሚያሠራ አልነበረም። አገር ቤት ደግሞ ማረሻውን የሠራለት ገበሬ ራሱ "ቡዳ" ይለው ነበር። ስንት አገር ያረሰ እጅ ነው። አፄ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን እስከ እኔ ልጅነት ደርሷል። ዛሬ ሰው ለቀጥቃጭ ወረፋ ስድስት ወር ሲጠብቅ ሳይ ደስ ይለኛል። ልጄ ሚጥሚጣ፣ የሰውየውን ዋጋ አትከራከሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የአይሁድ አራጆች ቢላቸውን ከማረዳቸው በፊት ጥፍራቸው ላይ እያስኬዱ ነው የሚፈትሹት። ትንሽ ጭረት ከተሰማቸው አያርዱበትም። አንቺም ቢላሽን ስትረከቢ ስለቱን በጥፍርሽ ላይ ቀስ አድርገሽ አስኪጂው። ዓይን የማያየውን ሽራፊ ጥፍር ያገኘዋል። ጥንቃቄ ግን፣ በዝግታ።

ባሌስትራ

አባባ፣ አባትዎ የሠሩት ልክ እኛም ከመማሪያ መጽሐፍ የምናነበው ነው። እግዜር ያክብርልን።

ሸገር_ልጅ (አዲስ አበባ)

እኛ እዚህ ያለነውስ? ምናለሽ ተራ ከቀጥቃጮች ቢላ መግዛት ያዋጣል? 420 ዶላር የለኝም።

ባሌስትራ

ያዋጣል፣ መምረጥ ከቻልክ። ሊማ (ብረት መሞረጃውን) ይዘህ ሂድ፣ ትንሽዬ ትበቃለች። ሻጩን አስፈቅደህ ጠርዙ ላይ አስኪዳት። ሊማው ብረቱን ከነከሰው አልጠነከረም፤ ላሜራ ነው ወይም እሳቱን ዘሎታል። ሊማው ካንሸራተተ ጠንክሯል። ከዚያ ጠርዙን ብርሃን ላይ አዙረህ እይ። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካለ በግራይንደር ሲሳል ግሏል ማለት ነው። ብረት 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው ወደ ሰማያዊ የሚሄደው፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል። ለበዓል ሰሞን በኤሌክትሪክ ሞረድ ቢላ የሚስሉትንም በዚህ ዓይን እያቸው። ውኃ እየነከሩ ከሠሩ ስጣቸው። ብልጭታው እየተበተነ በደረቁ ከሆነ አትስጥ።

የተሻለው ግን ማሠራት ነው። ከባሌስትራ ስታሠራ ብረቱ ስንጥቅ እንዳይኖርበት ይታይልህ። ስንት ዓመት ጭነት ሲሸከም የኖረ ብረት ነው፣ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ደረቅ_ጨርቅ (ሲያትል)

እኔ ሥራዬ ኩሽና ነው፣ ቀኑን ሙሉ በካርቦን ብረት ነው የምቆርጠው። ስለ ግዢው ብዙ ተባለ፣ ስለ አያያዙ ልናገር። ሚጥሚጣ፣ እዚህ ላይ ሰነፍ ከሆንሽ ከወዲሁ ስቴንለስ አሠሪ። የማስቀየም አይደለም፣ ጥሩ ስቴንለስ በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ።

52100 ከሆነ ሕጉ አንድ ነው፦ እርጥብ አታስቀምጪው። አምስት ደቂቃም ቢሆን። ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ቢላውን ጥረጊ፣ ከዚያ አንሺ። አጠገብሽ ሁሌ ደረቅ ጨርቅ ይኑር። ሽንኩርት ሦስት አራት ራስ ከከተፍሽ በኋላ ጥርግ። ሎሚና ቲማቲም ከነካ ወዲያው ጥርግ። ስትጨርሺ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና በእጅ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ብረቱና እጀታው የሚገናኙበትን ቦታ አትርሺ፤ ዝገት እዚያ ነው የሚደበቀው። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በጭራሽ። ሲንክ ውስጥ ከሳህን ጋር በጭራሽ።

መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርቱ ሊጠቁርብሽ ይችላል፣ ትንሽም የብረት ሽታ አለው። አትደንግጪ። ብረቱ ግራጫና ሰማያዊ እየሆነ ሲሄድ ያቆማል፤ ይሄ ባሌስትራ ካለው ከግለቱ ሰማያዊ የተለየ ነው። ከሽንኩርት በፊት ሥጋ ብትቆርጪበት ቀለሙ ቶሎና በሚያምር መልኩ ይወጣል።

ሰሌዳው እንጨት ይሁን። መስታወት፣ እብነ በረድ፣ ሳህን ላይ መቁረጥ ስለቱን በአንድ ምት ያጥፈዋል። የከተፍሽውን ሰብስበሽ ወደ ድስት ስትገፊ በስለቱ ሳይሆን በጀርባው ግፊ። ይቺ ትንሽ ልማድ ከምንም በላይ ስለት ታቆያለች። አጥንት አይንካው። ለዶሮው ብልት ሌላ ቢላ ያዢ፤ አሥራ ሁለቱም ብልት በመገጣጠሚያው እንጂ አጥንት ተሰብሮ አይወጣም፣ ግን እጅ ይሳሳታል።

አፎቱ ከቆዳ ከሆነ ለመንገድ ብቻ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ማግኔት ይቀመጥ፤ እንጨት የለበሰ ማግኔት ቢሆን ይመረጣል።

ጨው_አየር (ዱባይ)

እኔ ጋ ካርቦን ብረት አለ። ሰማያዊ ሆነ አልከው፣ እሺ። የእኔ ግን ቡናማ ነጠብጣቦች አውጥቷል። ደርቆ ነው የምሰቅለው። ተበላሸ ማለት ነው?

ደረቅ_ጨርቅ

ሰማያዊና ግራጫ ይጠብቀዋል፣ ቀይና ቡናማ ይበላዋል። ያንተ ዝገት ነው፣ ግን ገና ላዩ ላይ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ አቡክተህ በጨርቅ እሸው። ካልለቀቀ በጣም ስስ የሆነ የብረት ሱፍ በዘይት ነክረህ በቀስታ፣ ሁሌ በቢላው ርዝመት አቅጣጫ። የባሕር ዳር እርጥበትና ጨው ባለበት ቦታ ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ በቀጭኑ ዘይት ቀባው።

ሸገር_ልጅ

የኑግ ዘይት ይሆናል?

ደረቅ_ጨርቅ

ለስለቱ አይሆንም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ይሄዳል፣ ከጊዜ በኋላ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ፋርማሲ የሚሸጠውን ፈሳሽ ፓራፊን ግዛ። ሽታ የለውም፣ አይበላሽም፣ ምግብ ቢነካውም ችግር የለውም። ሁለት ጠብታ ይበቃል።

ለእንጨት እጀታ ግን የሚደርቅ ዘይት ነው የሚፈለገው፤ የተልባ ዘይት አሪፍ ነው። ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ ትጠርጋለህ፣ ታደርቃለህ። አደራ፣ ተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደህ አትጣል። እየደረቀ ሲሄድ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ እሳት ይነሣል። ዘርግተህ አድርቀው ወይም ውኃ ውስጥ ክተተው።

ከኮሎኝ

ስለ መሳሉ ባጭሩ። መጀመሪያ አንድ ቁጥር 1000 ድንጋይ ይበቃል። በኋላ 3000 ጨምሪ። በእያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ አካባቢ። ዲግሪው ካስቸገረሽ፦ ብረቱ ከስለት እስከ ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 1.3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፤ 15 ዲግሪ ነው። ያንን ሳትቀይሪ አስኪጂው። ዋናው ምልክት ይሄ ነው፦ አንዱን ጎን ስትስዪ በሌላኛው ጎን ጣትሽን ከጀርባ ወደ ስለት ስታንሸራትቺ ሻካራ ነገር ይይዝሻል። እሱ ከጫፍ እስከ ተረከዝ እስኪሰማሽ ድረስ ገልብጠሽ ወደ ሌላው ጎን አትሂጂ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። በመጨረሻ ሻካራውን በጣም በቀላል እጅ አውጪው።

በመሀል ሲደክም የሳህን ቂጥ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስኬድ አገር ቤት የምናውቀው ነገር ነው፣ ይሠራል። ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት ላይ ነው ታዲያ።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ይሄ ነው እኮ የምለው። ይሄን ከቻለች 420ው ገንዘቡ ነው፣ ተስማምቻለሁ።

ሚጥሚጣ

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ሰውዬውን ጠየቅሁት። 52100 ይሠራል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የሚያጠነክረው፣ ሁለቴ ያለዝባል፣ 60 አካባቢ ይወጣል አለኝ። ስለ ውፍረቱ ስነግረው "ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ነው የመጣው" ብሎ ደስ አለው። 24 ሴንቲ ሜትር፣ ሆድ ያለው፣ ደማስቆ የሌለው። የዋጋውን ሲሶ ቀብድ፣ ቀሪውን ስረከብ ተባባልን።

እጀታው ብቻ ቀረኝ። አገር ቤት የአያቴ አሮጌ ጎራዴ አለ፣ ስለቱ ተበልቷል፣ እጀታው ቀንድ ነው። እሱን አስመጥቼ ባስገጥመው ምን ይመስላችኋል?

ባሌስትራ

ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን መጀመሪያ የምን ቀንድ እንደሆነ በሚያውቅ ሰው ይታይ። የድሮ ጎራዴዎች ላይ የአውራሪስ ቀንድ የተለመደ ነበር። አውራሪስ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ የተከለከለ ነው፤ ያለ ወረቀት ድንበር ላይ ከተያዘ ይወረሳል፣ ጣጣውም ብዙ ነው። አውራሪስ ከሆነ ጎራዴው እንዳለ እቤት ይቀመጥ። የበሬ ከሆነ ጣጣው ይቀላል፣ ቢሆንም አሜሪካ ጉምሩክ ምን እንደሚጠይቅ ቀድመሽ አረጋግጪ። የበሬ ቀንድ ክረምት ላይ ማሞቂያ ባለበት ቤት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አልፎ አልፎ ዘይት ይፈልጋል። ለወጥ ቤት እኔ ወይራ እንጨት እመርጥልሻለሁ። ክብደቱ እጅ ይሞላል፣ ውኃም ቶሎ አይጠጣም።

ዕቃው ሲመጣ ስለት ያለው ሁሉ በእጅ ሻንጣ አይገባም። በጭነት ሻንጣ፣ ጠርዙ በካርቶንና በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፈታሹ እጁን እንዳይቆርጠው።